ቪትዟን እንንዳት ወይስ እናስጭናት?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ መኪናና መንገድ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ጠቅልሎ ስለመሄድ ስለሆነ መልሱ ቦታ በልቷል። ሌሎቹን ባጭሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ ሥራው ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ፣ ጠቅልለን ልንሄድ ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ፣ ትንሿ ሦስት። የባለቤቴ እናትም አብረውን አሉ። መኪናችን የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ጭቅጭቁ በሷ ነው። ባለቤቴ "ሁላችንም ገብተን እንነዳታለን፣ ወጪው ነዳጅ ብቻ ነው" ይላል። ወንድሜ ደግሞ "በዚህች መኪና አባይ በረሃን? ኧረ አስጭኗት" ይለናል። የጫኝ ዋጋ ስናጠያይቅ የነዳጁን ሦስት እጥፍ ገደማ ነገሩን። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ግን ከጢስ አባይ አልፌ ነድቼ አላውቅም። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለባለቤትሽ ልፍረድለት፤ መኪናዋ ትነዳ። ለወንድምሽም ልፍረድለት፤ አምስታችሁም ውስጧ ታጭቃችሁ አባይ በረሃን መውረድ የለባችሁም። አሁን ሁለቱም ያኮርፉኝ።

የሁለቱም ሂሳብ ጎዶሎ ነው። ባለቤትሽ ነዳጅን ብቻ ይዞ ከጫኝ ዋጋ ጋር አወዳደረ። ነዳጁ እንኳ ቀላል ነው፤ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 565 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275፣ በድምሩ 840። ቪትዟ ዕቃ ይዛ፣ ዳገት ወጥታ፣ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ብትሄድላችሁ 60 ሊትር ነው። እዚህ ላይ ግን ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ጋራዥ የሚወስደውን ጨምሩበት፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ ምናልባት ሁለት ጎማ። አዲስ አበባ ማደሪያ አለ፣ የመንገድ ምግብ አለ። ወንድምሽ ደግሞ መኪናዋን ሲያስጭን እናንተን ረስቷችኋል። መኪናዋ ተጭና ስትሄድ አምስት ሰው በእግሩ አይሄድም መቼም! የአምስት ሰው ትኬት የጫኝ ዋጋ ላይ ይደመራል። እንዲህ ስታሰሉት ልዩነቱ ከነገሩሽ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከገንዘቡ በፊት ግን ክብደት አለ። የእናንተ ቪትዝ ራሷ አንድ ቶን አትሞላም። ሦስት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ፣ ሻንጣ፣ "ይቺን እንኳ እንያዛት" የምትሉት ፌስታል ሁሉ ሲደመር 350 ኪሎ ቢደርስ አይግረምሽ። የራሷን ክብደት ከሲሶ በላይ ተሸክማለች ማለት ነው። ባሕር ዳርና መራዊ መሃል ይህ አይታወቅሽም፤ ሜዳ ነው። ዳንግላም፣ ቡሬም፣ ደምበጫም ብትደርሱ ያው መኪናዋ ትሄዳለች፣ ባለቤትሽም "አላልኳችሁም?" ይላል። ወሬው ያለው ደጀን ላይ ነው።

ደጀንን እንዳለፋችሁ መንገዱ ቁልቁል ይጀምራል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ መውረድ፣ ግማሹ መውጣት። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ። ከላይ ጃኬት ለብሰሽ ነበር፣ ታች ስትደርሺ መስኮት ትከፍቻለሽ። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጣምመው የሆነ ቦታ መንገዱ እንደ ተጨማደደ ምንጣፍ ይሆንብሻል። ከፊትሽ ከባድ ተሳቢ በኤሊ ፍጥነት ይወርዳል፣ ከኋላሽ ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል። ይሄኔ አዲስ ነጂ ምን ያደርጋል? እግሩን ፍሬን ላይ ይተክላል። እስከ ድልድዩ አያነሳውም።

ያን ጊዜ ሸራው ይግላል። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ዓይነት። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ስትረግጪው ስፖንጅ የረገጥሽ ይመስልሻል። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ያ እርጥበት ሲሞቅ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማው አያደርስም። "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት። መካኒኩ "ምንም አይልም፣ ሙሉ ነው" ቢልሽ አትስሚው፤ መሙላቱ ሌላ፣ ማርጀቱ ሌላ።

አወራረዱም አለ። አውቶማቲክ ናት ብላችሁ በዲ አትውረዱ። ከአፋፉ ላይ፣ መንገዱ ሳያዘቀዝቅ በፊት፣ ማርሹን ወደ 2 አውርዱት፣ በጣም ቁልቁል ሲሆን ወደ ኤል። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጡ፤ እሱ ነው የሚይዛችሁ። ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ነው እንጂ ተደግፎ መውረድ የለም። ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ኻያ ደቂቃ አሳርፏት፣ ጎማው ላይ ግን ውኃ እንዳትደፉ፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ ኤሲውን አጥፉት። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የውስጡን ማሞቂያ ክፈቱት። በዚያ በረሃ ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል፣ ነገር ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። የፈላ ራዲያተር ክዳን ደግሞ ማንም "ቆይ ልየው" ብሎ እንዳይነካ፤ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸውልሽ። አንቺ፣ እማማና ልጆቹ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሂዱ፤ በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ የሦስት ዓመት ልጅና እናታችሁ አሥራ ምናምን ሰዓት ከመቀመጥ ይድናሉ። ባለቤትሽ መኪናዋን ይንዳ፣ ብቻውን ግን አይደለም። ያን መንገድ የሚያውቅ አንድ ዘመድ ወይም ሹፌር ይያዝ፣ እየተቀያየሩ ይንዱ። ሹፌር በቀን ሂሳብ ይገኛል፤ የመልሱን የአውቶቡስ ትኬትና ምሳውን ቻሉት። አዲስ አበባ ላይ ትገናኛላችሁ፣ አንድ ቀን ታርፋላችሁ፣ ከዚያ ሁላችሁም አብራችሁ ወደ ሐዋሳ ትነዳላችሁ። እስከ ሞጆ በፈጣኑ መንገድ ነው፣ ቀጥሎ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። ያን መንገድ አንቺም መንዳት ትችያለሽ። ትኬቱ ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከጫኙ ጋር ስታነጻጽሪው ልትሸሺው የሚገባ አይመስለኝም።

ሐምሌ መጀመሪያ ስትይ ክረምት መሆኑን አትርሺ። ኮሶበር ላይ ጉሙ መሬት ነክቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ፍቼና ሱሉልታም እንዲሁ። ንጋት 12 ሰዓት ተነሥቶ በቀን መግባት ነው። በሌሊት ንዱ የሚላችሁን ወዳጃችሁን በጨዋ ቋንቋ አመስግናችሁ እለፉት። ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ይኖራል። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ማታ መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ጠዋትም ድገሙት። "አጠራጣሪ ነው" ካሉ ሻንጣው ተጭኖም ቢሆን ይውረድ። አንዳንዱ "እንግዲያው ማስጫን ይሻላል" ይላል። የዘጋ መንገድ ጫኙንም ይዘጋዋል! ልዩነቱ እናንተ ቤታችሁ ስትቆዩ መኪናችሁ የሆነ ከተማ ዳር፣ ዝናብ ላይ፣ የማታውቁት ሰው እጅ መቆሟ ነው።

ለነገሩ ከማስጫን ጋር እኔም የግል ሂሳብ አለኝ። ከዓመታት በፊት ወደ አዲስ አበባ ስዛወር (ቆይቼ ጣና ናፍቆኝ ተመለስኩ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው) ኮሮላዬን ከቤት ዕቃ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ላክኋት። የጫኑባትን ቀን አልረሳውም። መጫኛ መድረክ የሚባል ነገር የለም። ከከተማ ወጣ ብለው አንድ የአፈር ቁልል ፈለጉ፣ የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ አስጠጉት፣ ሁለት ጣውላ አጋደሙ፣ አንዱ ልጅ ኮሮላዬ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ከላይ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ "ና! ና! ና! ግራ ስበር! በቃ!" ጣውላው ሲጎብጥ የእኔ ጉልበት አብሮ ጎበጠ። ወጣች። ከዚያ በገመድ አሰሯት፣ በጎማዋ ሳይሆን በፓራውልቷ። እኔ ምን አውቄ፣ አጠገባቸው ቆሜ "ጠበቅ አድርጉት" እላለሁ። በዚያ ላይ የእናቴን ሙቀጫ ዕቃው ሁሉ ከተጫነ በኋላ አግኝቼው ከኮሮላዋ ኋላ ወርውሬው ነበር።

አዲስ አበባ ስረከባት ፓራውልቷ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። የኋላውን ስከፍት ሙቀጫው 565 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሲንከባለል ከርሞ ቆርቆሮውን ከውስጥ ወደ ውጭ አሳብጦታል። ሹፌሩን ብጠይቀው "ጋሼ፣ እኛ የተረከብነው መኪና ነው፤ ሙቀጫ አልተረከብንም" አለኝ። ምን ልመልስለት? የተፈራረምነው ወረቀት የለም፣ ያነሣሁት ፎቶ የለም። ሙቀጫው ግን ደኅና ነው፣ አሁንም ቡና ይወቀጥበታል።

ስለዚህ የግድ ማስጫን ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪናዋ ሞተሯ የታመመ ከሆነ ወይም ባለቤትሽ ቀድሞ ሥራ መግባት ካለበት፣ የእኔን ስሕተት አትድገሙ። ቀድማችሁ በአራቱም ጎን ፎቶ አንሷት፣ ጣሪያዋንም፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም፣ የነዳጅ መለኪያውንም። ውስጧ ምንም አትተዉ፣ ሙቀጫ ቀርቶ ጃንጥላ። ነዳጅ ሩብ ታንክ ይበቃታል። የርክክብ ወረቀት ላይ የነበረው ጭረት ሁሉ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። በምን እንደሚያስሯት ጠይቁ፤ በጎማዎቿ ላይ በሚያልፍ ቀበቶ መሆን አለበት፣ በፓራውልት የሚል ከመጣ ሌላ ፈልጉ። መድንም አለ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ተጭና ስትወድቅ ለእናንተ የሚከፍለው የለም። ሙሉ ዋስትና ቢኖራችሁም እየተነዳች የሚደርስና እንደ ዕቃ ተጭና የሚደርስ ጉዳት አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ መድን ድርጅታችሁን "ተጭና ስትሄድስ?" በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ጫኙንም የጭነት መድኑን ያሳያችሁ። "እኛ ጋ ምንም ደርሶ አያውቅም" መድን አይደለም።

ዋጋው ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወደ ባሕር ዳር ዕቃ አምጥቶ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ያሰበ ባለ መኪና ከሌላው ይረክሳል። ቀድሞም የነዳጁ ሂሳብ ተሸፍኖለታል። ቀኑን ለእሱ ተዉለት፣ "በዚህ ሳምንት ስትመለስ" በሉት፣ ያኔ ከነገሩሽ ሦስት እጥፍ ብዙ ሊወርድ ይችላል። እሱም መኪና ለመጫን የሚሆን አልጋ ያለው ከሆነ ነው እንግዲህ፤ የአፈር ቁልል ፈላጊ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የመድን ወረቀቱን ዋናውን ባለቤትሽ ይያዝ፤ በየኬላው ይጠየቃል። ስኮርታ ጎማዋን ደግሞ ዛሬውኑ እዩልኝ። ሰው ስኮርታው መተንፈሱን የሚያውቀው ሁልጊዜ ቡሬና ፍኖተ ሰላም መሃል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ወደ ትውልድ ከተማዬ ባሕር ዳር ተመልሼ ልሠራ ነው። ባለፈው ዓመት ቢዋይዲ ሲጋል ገዝቻለሁ፣ ኤሌክትሪክ፣ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው። ጓደኞቼ ደብረ ማርቆስ አድረህ ቻርጅ አድርገህ ግባ ይሉኛል። ልንዳው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ አስጭነው። ከላይ ለእህታችን ንጂ ብዬ ለአንተ ጫን ማለቴ ተቃርኖ እንዳይመስልህ።

405 የሚለው ቁጥር በቻይና መለኪያ የተለካ ነው። በተግባር፣ ሰው ጭነህ፣ በሀገር አቋራጭ ፍጥነት፣ ዳገት ባለበት መንገድ ከዚያ በደንብ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንበልና ደረስክ። እዚያ የሆቴል ሶኬት ላይ በትንሿ ገመድ ስትሰካው በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትስባለች። የመኪናህ ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባዶ ከሆነ ለመሙላት ወደ ኻያ ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት ግማሹን ቢሞላልህ ነው። መብራት ካልጠፋ። የሆቴሉ ባለቤትም "ይሄ ገመድ ምንድነው?" ካላለህ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር የቀረህ 265 ኪሎ ሜትር ነው፣ በግማሽ ባትሪ አትገባም፣ ሌላ ማደሪያ ልትፈልግ ነው።

አባይ በረሃ ላይ ያለው ነገር ግን ደስ የሚል ነው፣ ሳልነግርህ አላልፍም። ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑም ያን ያህል አይግልም። ከጎሃ ጽዮን ድልድዩ ድረስ ስትወርድ የፐርሰንቱ ቁጥር ሲጨምር ታያለህ። ችግሩ ወዲያው ወደ ደጀን መውጣትህ ነው። ያን ዳገት ከፍታውን ብቻ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ የመንገዱን ግጭት ሳንጨምር። ያተረፍከውን ከነወለዱ ትመልሳለህ። መንገድ ዳር ፈጣን ቻርጀር በየከተማው የሚገኝበት ቀን ሲመጣ ራሴ እነዳልሃለሁ።

ስታስጭነው ባትሪው ግማሽ ገደማ ላይ ይሁን፣ ሙሉም ባዶም አይሁን። ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ የሚጭን ብቻ ፈልግ። የፊት ጎማውን መሬት ላይ አድርጎ የሚጎትት ሰው እንዳታስነካው፤ ሞተሩ ያለው ፊት ነው፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፣ ይጎዳል። ባትሪው ከሥር ነውና የአፈር ቁልልና ጣውላ የሚለው የእኔ ዘዴ ላንተ ፈጽሞ አይሆንም። ባሕር ዳር ስትገባ ሥራህ ይቀላል፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ ከድባንቄ መድኃኔዓለም ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ አዲሱ የአባይ ድልድይ ስትመላለስ ሳምንት ባትሰካው ይችላል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎርጎራ ያለችው የእህቴ ቤት ልከርም አስቤአለሁ። አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። በጎንደር ዞሮ መሄድ ወገቤን ያደክመዋል። ከባሕር ዳር ጀልባ እንዳለ አውቃለሁና ፒክአፗን በጀልባው ጭኜ ጣናን ላቋርጥ እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። በሐይቁ ላይ ነፋስ እየተቀበሉ፣ ደቅን በቀኝ በግራ እያዩ... ነገር ግን በዝጌና በደቅ አድርጎ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ለሰውና ለሰው ዕቃ ነው፤ እህል፣ ማገዶ፣ ዶሮ፣ ፍየል ይጭናል፣ ፒክአፕ ግን የለም። ቢሆንም እንኳ ወደቡ ላይ እንዴት ያወጡላታል? እንደገና የእኔ ጣውላ ሊመጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። በወረታና በአዲስ ዘመን ወጥተው፣ ጎንደር ሳይገቡ ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ታጥፈው ጎርጎራ መግባት ይችላሉ፤ ወገብዎ ካስቸገረዎት ወረታ ላይ ወርደው ሻይ ይበሉበት፣ አዲስ ዘመንም ላይ እንዲሁ፣ ማንም አይቸኩልብዎ። አለዚያ ፒክአፗን ለአንድ የሚያምኑት ዘመድ ሰጥተው በየብስ ይላኳትና እርስዎ በጀልባው ይሂዱ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነበር የምመርጠው።

ደግሞም ዘመኑ ተገላቢጦሽ ነው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቋ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሳቢ ተጭና፣ ያን አባይ በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ ሐይቃችን ዳር መጥታለች። ጀልባዋ በመኪና ከመጣች የእርስዎ መኪና በጀልባ ልሂድ ብትል ምን ይፈረድባታል? እህትዎን ሰላም በሉልኝ፤ ከጎርጎራ ዓሣ ቢልኩ ደግሞ በማንኛውም መጓጓዣ እቀበላለሁ።